ፍጻሜውን ያሸነፈ ሰው ለምን የዓለም ሻምፒዮን አይሆንም?

ጥያቄው የመጣው ላስ ቬጋስ ታክሲ ከሚነዳ ወንድማችን ነው። እንዲህ ይላል፦

«ዶክተር፣ በየዓመቱ ዲሴምበር ሲገባ ከተማችን ባርኔጣና ቦት ጫማ ባደረጉ ሰዎች ይሞላል። ሥራውም ጥሩ ነው። ባለፈው ከቶማስ ኤንድ ማክ አዳራሽ የጫንኩት ሰውዬ በጣም ተናዶ ነበር። ‹ልጁ ፍጻሜውን አሸንፎ ሻምፒዮን ግን ሌላ ሰው ሆነ› አለኝ። ግራ ገባኝ። ፍጻሜውን ያሸነፈ ሰው እንዴት ሻምፒዮን አይሆንም? ደግሞስ ኮርማው እንዲያ የሚዘለው ቆለጡን አስረውት ነው የሚባለው እውነት ነው?»

ወንድሜ፣ ደንበኛህን ያናደደው ነገር እኔንም በመጀመሪያው ዓመት ግራ አጋብቶኝ ነበር። ደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና ተምሬ ወደዚህ ከመጣሁ ቆይቻለሁ። የምኖረው ቴክሳስ ነው፤ የማክመውም ከብትና ፈረስ ነው። ካውቦዮች ፈረስና ኮርማ በመጋለብ፣ ከብት በገመድ በመያዝ የሚወዳደሩበት ስፖርት ሮዲዮ ይባላል፤ በትንንሽ ከተሞች ሮዲዮ ላይ ተረኛ ሐኪም ሆኜ ብዙ ምሽት አሳልፌአለሁ። ሄጄ የነበረው ለእንስሳቱ ብዬ ነው። ስፖርቱ ግን ቀስ በቀስ ልቤን ወሰደው። ስለዚህ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልመልስልህ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዝልኝ።

አጭሩ መልስ ይኸውልህ። ያ ውድድር «ናሽናል ፋይናልስ ሮዲዮ» ይባላል። ስሙ ፍጻሜ ቢልም እንደ እግር ኳስ ዋንጫ ፍጻሜ አይደለም። እዚያ ሁሉም ሰው ከዜሮ አይጀምርም። የዓለም ሻምፒዮን የሚባለው ዓመቱን ሙሉ ብዙ ገንዘብ ያሸነፈው ሰው ነው። አንድ ዶላር አንድ ነጥብ ነው፤ ሌላ ነጥብ የለም። የላስ ቬጋሱ ውድድር የዚያ ዓመት ሒሳብ የመጨረሻዎቹ 10 ምሽቶች ናቸው። ትልቁ ገንዘብም የሚገኘው እዚያ ነው።

የሮዲዮ ዓመት ኦክቶበር 1 ይጀምርና ሴፕቴምበር 30 ያልቃል። በዚያ ጊዜ ውስጥ አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ከ600 በላይ እውቅና ያላቸው ሮዲዮዎች ይካሄዳሉ። በፈረንጆቹ ክረምት፣ በብርዱ ወራት፣ ሳን አንቶኒዮና ሂዩስተን አሉ። ጁላይ ላይ ካልጋሪና ሻየን አሉ። ሴፕቴምበር ላይ ደግሞ የኦሪገኑ ፔንድልተን አለ። ተወዳዳሪው መኪናውን እየነዳ፣ ፈረሱን እየጎተተ፣ ካንዱ ወደ ሌላው ይከንፋል። በጁላይ 4 በዓል ሰሞን በሳምንት ውስጥ ብዙ ቦታ የሚደርሱ አሉ። ያንን ሰሞን «የካውቦይ ገና» ይሉታል፤ ገንዘቡ በየቦታው ስለሚፈስ ነው።

ደሞዝ የሚባል ነገር ግን የለም። ይሄ ላንተ አይከብድህም። አንተ መኪና ተከራይተህ ስትሠራ ደንበኛ ባታገኝም የቀኑን ኪራይ ትከፍላለህ አይደል? እነሱም እንደዚያው ናቸው። መመዝገቢያውን ከኪሳቸው ይከፍላሉ። ነዳጁ፣ ሆቴሉ፣ የፈረሱ መኖ የራሳቸው ነው። ካልተሳካላቸው ባዶ እጃቸውን ወደሚቀጥለው ከተማ ይነዳሉ። ታዲያ ሻምፒዮኑን በገንዘብ መለየት መጀመሪያ ሲሰማ ነውር ይመስላል። እኔ ግን ትክክል ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ዓመቱን ሙሉ በየመንገዱ የወጣውን ልፋት የሚቆጥር ሌላ ምን መለኪያ አለ?

ሴፕቴምበር ሲያልቅ በየውድድሩ ዓይነት ብዙ ገንዘብ ያገኙ 15 ሰዎች ብቻ ይለያሉ። ላስ ቬጋስ የሚገቡት እነሱ ናቸው። 16ኛ የወጣው ሰው ቤቱ ይቀራል። አንዳንዴ በ15ኛውና በ16ኛው መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት መቶ ዶላር ነው። ያ ገንዘብ አንድ ምሽት ላይ ገመዱ ቀንዱን የሳተበት ጊዜ ሊሆን ይችላል።

የውድድሩ ዓይነቶች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው በዳኛ ነጥብ የሚለይ ነው። ባዶ ጀርባ ፈረስ፣ ባለ ኮርቻ ፈረስና ኮርማ መጋለብ እዚህ ውስጥ ናቸው። ሁለተኛው በሰዓት የሚለይ ነው። ከሚጋልብ ፈረስ ዘሎ ሰንጋን ቀንዱን ይዞ መጣል አለ። ሁለት ሰው ሆኖ አንዱ ቀንዱን፣ ሌላው የኋላ እግሩን በሸምቀቆ የሚይዝበት አለ። ጥጃን በሸምቀቆ ይዞ ማሰርም አለ። ሴቶቹ በፈረስ በሦስት በርሜሎች ዙሪያ የሚጠማዘዙበት ደግሞ «ባረል ሬሲንግ» ይባላል።

አሁን ወደ ደንበኛህ ንዴት ልምጣ። ላስ ቬጋስ ውስጥ 10 ምሽት፣ 10 ዙር ነው። በየምሽቱ ከ15ቱ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ብቻ ይከፈላቸዋል። በ2024 አንድ ምሽት ያሸነፈ ሰው ከ33 ሺህ ዶላር በላይ ወስዷል። አስበው፤ ለአንድ ጥጃ፣ ለሰባት ወይም ለስምንት ሰከንድ ሥራ። ከዚህ ሌላ «አቨሬጅ» የሚሉት አለ። ያ የ10ሩ ዙር ድምር ነው። በሰዓት ውድድር የ10 ምሽቱ ሰዓት ተደምሮ ዝቅተኛው ያሸንፋል። በጋለባ ደግሞ ነጥቡ ይደመራል። አቨሬጁን አንደኛ ሆኖ የጨረሰ በ2024 ተጨማሪ 86 ሺህ ዶላር አካባቢ አግኝቷል። «ፍጻሜውን አሸነፈ» የሚባለው ይህ ሰው ነው።

ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ክብሮች አሉ። አንዱ የ10 ምሽቱ አሸናፊ፣ ሌላው የዓመቱ አሸናፊ። አንድ ሰው ሁለቱንም ሊወስድ ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ይሆናል። ግን ግዴታ አይደለም። ምሳሌ ልስጥህ፤ ቁጥሩ ለማስረዳት ብቻ ነው። አበበና ከበደ ላስ ቬጋስ ሲገቡ አበበ 300 ሺህ ዶላር ይዟል። ከበደ 130 ሺህ ይዟል። ከበደ 10ሩን ምሽት ተጠንቅቆ ሠርቶ አቨሬጁን ወሰደ፤ ከየምሽቱም ጥቂት ለቀመ። በድምሩ 150 ሺህ አገኘ። አበበ አራት ምሽት ወደቀ፤ ሁለት ምሽት ግን አንደኛ ወጣ። ስልሳ ምናምን ሺህ ጨመረ። ከበደ 280 ሺህ፣ አበበ 360 ሺህ አካባቢ። ፍጻሜውን ከበደ አሸነፈ፤ ለዓለም ሻምፒዮን የሚሰጠውን የወርቅ ዘለበት ግን አበበ ቀበቶው ላይ አሰረ። ደንበኛህ የከበደ ደጋፊ ነበር ማለት ነው።

ይሄ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር እንዳይመስልህ። በኮርማ ጋላቢዎች ዘንድ ከባዱ ሥራ 10 ምሽት 10 ኮርማ ላይ 8 ሰከንድ መቆየት ነው። ጂም ሻርፕ በ1988 ይህን በማድረግ የመጀመሪያው ሆነ፤ የዓመቱም ሻምፒዮን ሆነ። በ1990 ኖርማን ከሪ የሚባል ልጅ እሱም 10ሩንም ጋለበ። አንድም ኮርማ አልጣለውም። ሻምፒዮን የሆነው ግን ያው ጂም ሻርፕ ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ ብዙ አግኝቷላ። በ1994 ብራዚላዊው አድሪያኖ ሞራይስ 10ሩንም ጋለበ። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበለት። የዓለም ሻምፒዮንነቱን ግን ካናዳዊው ዳሪል ሚልስ ወሰደው። ሞራይስ ላይ የደረሰው ፍርደ ገምድልነት አይደለም። ሚልስ ያንን ዓመት በየመንገዱ ሠርቶበታል። ሆኖም 10 ኮርማ ጋልቦ ወርቁን ሳይዝ መሄድ ምን ያህል እንደሚያንገበግብ ይገባኛል።

በሴቶቹ በኩል የሊሳ ሎክሃርትን ነገር አልረሳውም። ከሳውዝ ዳኮታ የመጣች፣ ረጋ ያለች ፈረሰኛ ናት። በ2014 አቨሬጁን አሸነፈች፤ ወርቁ ወደ ፋሎን ቴይለር ሄደ። በ2016 እንደገና አቨሬጁን አሸነፈች። በዚያ ዓመት ግን ሜሪ በርገር ገና ስትገባ ብዙ ገንዘብ ይዛ ነበር። መሪነቷ እስከ መጨረሻው ጸናላት። ሜሪ በርገር ያን ጊዜ ዕድሜዋ 68 ነበር። አዎ፣ 68። ከዚያ በፊት በ58 ዓመቷ በ2006 አሸንፋለች። አሥር ዓመት ቆይታ ደገመችው። እናቶቻችን በዚያ ዕድሜ ከወንበር ሲነሱ ጉልበታቸውን ይይዛሉ። እሷ በሙሉ ፍጥነት የሚጋልብ ፈረስ ላይ ሆና በርሜል ትዞር ነበር።

አቨሬጁ የውድድሩን አካሄድ ይቀይረዋል። ከኋላ ያለ ሰው የሚያዋጣው በየምሽቱ ሁሉንም ነገር መድፈር ነው። ምሽቱን ካሸነፈ ትልቅ ገንዘብ ነው፤ ከወደቀ ያው ከኋላ ነበር። ከፊት ያለው ግን መጠንቀቅ አለበት። በጥጃውና በሰንጋው ውድድር እንስሳው ትንሽ ቀድሞ እንዲሮጥ መብት አለው። ፈረሰኛው ከጊዜው በፊት ከፊቱ የተወጠረውን ገመድ በጥሶ ከወጣ 10 ሰከንድ ይጨመርበታል። በርሜል ካወደቁ 5 ሰከንድ ነው። እዚያ አዳራሽ አንድ ዙር ከ14 ሰከንድ በታች ያልቃል፤ 5 ሰከንድ ሲጨመር ምሽቱ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ በስምንተኛው በዘጠነኛው ምሽት አንዳንዱ ሰው ቀስ ሲል ብታይ አልደከመም። ሒሳብ እየሠራ ነው።

ታሪኩንም ባጭሩ ልንገርህ። ካውቦዮቹ የተደራጁት በ1936 ቦስተን ውስጥ ሥራ አቁመው ነው። ሽልማቱ ያንስ ነበር፤ የከፈሉት መመዝገቢያም በሽልማቱ ላይ አይጨመርላቸውም ነበር። ማኅበራቸውን «ኤሊዎች» ብለው ሰየሙት። ለመደራጀት ቀስ ብለው መጡ፤ አንገታቸውን ግን አወጡ ለማለት ነው። ያ ማኅበር አድጎ ዛሬ ውድድሩን የሚመራው ድርጅት ሆነ። የመጀመሪያው ፍጻሜ በ1959 ዳላስ ተደረገ። ከዚያ ሎስ አንጀለስ፣ ከዚያ ኦክላሆማ ሲቲ ሄደ። ከ1985 ጀምሮ ያንተ ከተማ ነው። በ2020 ብቻ በኮቪድ ምክንያት ወደ አርሊንግተን፣ ቴክሳስ ዞሮ ነበር። በ2015 አጠቃላይ ሽልማቱ ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር አደገ። የአንድ ምሽት አንደኝነት 26 ሺህ ዶላር የገባው ያኔ ነው።

ስለ ሻምፒዮኖቹ ካነሳን የማልዘለው ነገር አለ። «ኦል አራውንድ» የሚሉት ክብር ለአንድ ሙያ ብቻ አይሰጥም። ቢያንስ በሁለት ዓይነት ውድድር ገንዘብ ያገኘና በድምሩ የበለጠው ሰው ይወስደዋል። ጂም ሾልደርስ አምስቴ ወሰደው። ላሪ ማሃን ስድስቴ፣ ቶም ፈርጉሰንም ስድስቴ። ታይ መሪ በ1998 ሰባተኛውን ሲወስድ ይህን የሚበልጠው የለም ተባለ። ትሬቨር ብራዚል መጣና 14 አደረሰው። ሁሉንም ዓይነት ሻምፒዮንነቱን ስትደምረው 26 ነው። ብራዚል የገመድ ሰው ነው። ቀንድ ይይዛል፣ ጥጃ ያስራል፣ ትልልቅ ሰንጋ በገመድ ይጥላል። ሲሠራ ስታየው የሚጣደፍ አይመስልም። ሰዓቱ ሲነበብ ነው የምትደነግጠው። ከእሱ በኋላ የዩታው ስቴትሰን ራይት መጣ። በ2019፣ በ20 ዓመቱ ወሰደው። ያ ቤተሰብ ለብቻው ታሪክ ነው። አባቱ ኮዲ በባለ ኮርቻ ፈረስ ሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ነበር። አጎቶቹና ወንድሙም ወርቁን አስረዋል። ግን እመለስበታለሁ ካልኩ መጽሐፍ ይሆናል።

ከሁሉም አብልጬ የምወደው ግን የቻርሜይን ጄምስና የፈረሷ የስካምፐር ታሪክ ነው። ስካምፐር ከከብት ማድለቢያ የተገኘ ፈረስ ነበር። ሰው ጥሎ ነበር፣ የሚፈልገው አልነበረም። የተገዛው በ1,100 ዶላር ነው። ቻርሜይን ልጅ ናት። በ1984፣ በ14 ዓመቷ፣ በባረል ሬሲንግ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ከዚያ በየዓመቱ፣ ሳያቋርጥ፣ እስከ 1993። 10 ዓመት በተከታታይ! በ1985 ፍጻሜ ላይ በሩጫ መሀል ልጓሙ ከፈረሱ ራስ ላይ ወለቀ። ልጓም የሌለው ፈረስ በዚያ ፍጥነት ምን እንደሚያደርግ አስበው። ስካምፐር በርሜሎቹን ራሱ ዞራቸው። ምሽቱንም አሸነፉ። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያውቅ የፈረስ ሰው ሲያወራው ድምፁ ይለወጣል።

በ1987 ደግሞ ቻርሜይን ጀርባዋ ላይ 1 ቁጥር ለጥፋ ገባች። ያ የጀርባ ቁጥር የሚሰጠው በዓመቱ ገቢ ቅደም ተከተል ነው። ከወንዶቹም ከሴቶቹም በላይ ያገኘችው እሷ ነበረች። ሴት 1 ቁጥር ስትለብስ የመጀመሪያዋ ናት። በ2002 በሌላ ፈረስ 11ኛውን ጨመረች። ስካምፐር የተኮላሸ ስለነበር ዘር መተካት አይችልም። በ2006 ግን ከሴሉ ተወስዶ ቅጂው ተወለደ። ክሌይተን ተባለ፤ ቻርሜይን ባደገችበት ከተማ ስም። እንደ ሐኪም ይሄንን ስሰማ ለብዙ ቀን ከጭንቅላቴ አልወጣም።

የጥቁር ሻምፒዮኖችንም ሳላነሳ አላልፍም። ባልጠየቅኸኝም ልንገርህ። ሰንጋን ቀንዱን ይዞ የመጣል ጥበብ የሚጠራው በቢል ፒኬት ነው። ቴክሳስ የተወለደ ጥቁር ካውቦይ ነበር። ውሾች ከብትን ከንፈሩን ነክሰው ሲያቆሙ አይቶ እሱም እንደዚያው ያደርግ ነበር ይባላል። በ1964 ማይርቲስ ዳይትማን ወደ ፍጻሜው የገባ የመጀመሪያው ጥቁር ኮርማ ጋላቢ ሆነ። በ1967ና በ1968 ከዓለም ሦስተኛ ወጣ። ዳኞቹ ነጥብ ይነፍጉት እንደነበር የዘመኑ ሰዎች ይናገራሉ። ወርቁን ሳያስር ቀረ። በ1982 ግን ከሎስ አንጀለስ ዋትስ ሰፈር የወጣው ቻርሊ ሳምፕሰን በኮርማ ጋለባ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ከጥቁሮች የመጀመሪያው ነው። ቀጥሎ ፍሬድ ዊትፊልድ መጣ። ጥጃ በማሰር 7 ጊዜ፣ በ1999 ደግሞ ኦል አራውንድ። የእሱ ውድድር በሰዓት የሚለይ ነው። እጁን ወደ ላይ ሲያነሳ ሰዓቱ ይቆማል፤ ለማንም አይከራከርም።

አሁን ወደ ኮርማው። እውነት አይደለም፤ ቆለጡ አይታሰርም። ያየኸው ገመድ የሽንጥ ማሰሪያ ይባላል። ከኋላ እግሮቹ ፊት፣ ከጎድን አጥንቱ በኋላ ባለው ለስላሳ ቦታ ላይ ነው የሚዞረው። ቆለጡ ከዚያ ወደ ኋላ ነው፤ ገመዱ አይነካውም። በሥራዬ የማውቀውን ልጨምርልህ። እዚያ ቦታ ሕመም ያለበት ኮርማ አይዘልም። መራመድም አይፈልግም። እግሩን አንፈርክኮ ይቆማል ወይም ይተኛል። ደግሞም ከሚዘሉት ምርጥ ፈረሶች ብዙዎቹ ባዝራዎች ናቸው። ባዝራ ምን ቆለጥ አላት?

ታዲያ ገመዱ ምን ያደርጋል? ሽንጡ ላይ ያልለመደው ነገር ስለሚሰማው የኋላ እግሮቹን ወደ ላይ አርቆ እንዲወረውር ያደርገዋል። የፈረሶቹ በበግ ጸጉር የተሸፈነ ነው። ጋላቢው ከወረደ በኋላ ወዲያው ይፈታል። መዝለሉ ግን ከገመዱ አይመጣም። ከዘር ነው። የሚዘሉ ኮርማዎች እንደ እሽቅድድም ፈረስ ዘራቸው ተመዝግቦ፣ በዲኤንኤ ተረጋግጦ ይዳቀላሉ። ገመዱን ለማይዘል ኮርማ ብታስርለት ቆሞ ያይሃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውል። በኮርማና በፈረስ ጋለባ ነጥቡ ከ100 ነው። ግማሹ፣ 50ው፣ ለእንስሳው ነው። ኮርማው በኃይል ከዘለለ፣ ከተሽከረከረ፣ አቅጣጫ ከቀየረ ነጥቡ ይጨምራል። ጋላቢው በአንድ እጁ ብቻ ይይዛል። ሌላው እጁ ኮርማውንም ራሱንም ከነካ ውጤቱ ዜሮ ነው። ስለዚህ ጎበዝ ጋላቢ ቀላል ኮርማ ሲደርሰው አይደሰትም። 8 ሰከንዱን ይጨርሳል፤ ግን ነጥቡ ለገንዘብ አይበቃም። ለፍጻሜው የሚመጡት እንስሳት በዓመቱ ከታዩት ምርጦቹ ናቸው። በየአስቸጋሪነታቸው ተመድበው ይወጣሉ። በጣም ክፉዎቹ ኮርማዎች በሚወጡበት ምሽት ከ15ቱ ሁለት ሦስት ሰው ብቻ የሚቀመጥበት ጊዜ አለ።

አደጋው እውነተኛ ነው። ሌን ፍሮስት የ1987 የዓለም ሻምፒዮን ነበር። ሰው የሚወደው፣ ፈገግታው የማይጠፋ ልጅ። ጁላይ 30 ቀን 1989 ሻየን ላይ 8 ሰከንዱን ጨርሶ ወረደ። ኮርማው ዞሮ ከኋላ በቀንዱ መታው። እዚያው ሜዳ ላይ ሞተ። 25 ዓመቱ ነበር። ጓደኛው ተፍ ሄድማን በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላስ ቬጋስ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። የመጨረሻውን ኮርማ ሲጋልብ ደወሉ ከተደወለ በኋላ አልወረደም። ለሌን ብሎ ሌላ 8 ሰከንድ ቆየ። ሌላው ጓደኛቸው ኮዲ ላምበርት ደግሞ የፈረስ እሽቅድድም ጋላቢዎች የሚለብሱትን አይቶ ለኮርማ ጋላቢ የሚሆን የደረት መከላከያ ሠራ። ዛሬ ኮርማ ላይ የሚወጡት ሁሉ ለብሰውት የምታየው ያንን ነው። የብዙ ሰው ነፍስ አትርፏል። ሁሉንም ግን አያድንም። በ1994ቱ ፍጻሜ፣ ሞራይስ 10ሩንም በጋለበበት ውድድር፣ ብሬንት ተርማን የሚባል ወጣት ኮርማ ረግጦት ከቀናት በኋላ አረፈ።

ቦዴሸስ የሚባለውም ኮርማ ነበረ። ጭንቅላቱን ወደ ላይ እየወረወረ ጋላቢውን ፊቱን ይመታው ነበር። በ1995 የሄድማንን ፊት አጥንት ሰባበረው። ብዙም ሳይቆይ በፍጻሜው ዕጣ ያንኑ ኮርማ ለሄድማን አወጣለት። ሄድማን በሩ ሲከፈት አልተቀመጠበትም። ኮርማው ብቻውን እንዲወጣ ተወው። ማንም ፈሪ አላለውም። እኔም ከጋለበው ሁሉ ይልቅ ያልጋለበውን አከብርለታለሁ።

ስለ እንስሳቱ ደህንነት ከጠየቅኸኝ ሐቁን ልንገርህ። ማኅበሩ ሕግ አለው። እውቅና ባለው ሮዲዮ ላይ የእንስሳት ሐኪም መኖር ግዴታ ነው። ተረከዝ ላይ የሚታሰረው ብረት የተሳለ መሆን የለበትም። የሚዘሉት ኮርማዎችና ፈረሶች በአብዛኛው በደንብ ይያዛሉ፤ በዓመት የሚሠሩት ጊዜ ተደምሮ ጥቂት ደቂቃ ነው። እኔን የሚከብደኝ ጥጃ ማሰሩ ነው። ጥጃው በሩጫ ላይ እያለ ገመዱ አንገቱን ሲይዘው ይሰቀጥጠኛል። ጥጃውን ወደ ኋላ ገልብጦ የሚጥል ሰው እንደሚቀጣ አውቃለሁ። በአሠራሩ የሠለጠኑ ሰዎች ጥጃውን ሳይጎዱ እንደሚያስሩም አይቻለሁ። ያም ሆኖ ከሕክምና ሥራዬ የተነሳ ይመስለኛል፣ ያንን ክፍል ስመለከት ዓይኔ ጥጃው ላይ ነው የሚቀረው፤ ተነስቶ በአራት እግሩ ሲሄድ እስካይ ድረስ አልረጋጋም።

ትኬት ካገኘህ አንድ ምሽት ግባ። አዳራሹ ወደ 17 ሺህ ሰው ይይዛል፤ ሜዳው ግን ትንሽ ነው። ሁሉም ነገር ፊትህ ላይ ነው የሚሆነው። የምትመርጠው ቀን ካለህ አሥረኛው ምሽት ይሁን። የዚያን ቀን ወርቁም አቨሬጁም ባንድ ላይ ይለያሉ። ሰዎች ስልካቸው ላይ ሲደምሩና ሲቀንሱ ታያቸዋለህ።

ግን ለየምሽቱ አሸናፊም ዘለበት ይሰጣል። ሥነ ሥርዓቱ የሚደረገው ሳውዝ ፖይንት ሆቴል ነው። ስለዚህ ሮዲዮው እንዳለቀ «ወደ ሳውዝ ፖይንት» የሚልህ ቤተሰብ ሲገባልህ፣ ልጃቸው ያንን ምሽት አሸንፎ ሊሆን ይችላል። እንኳን ደስ አላችሁ ከማለትህ በፊት የቱን ዘለበት እንደሆነ ጠይቃቸው፤ የምሽቱን፣ የአቨሬጁን ወይስ የወርቁን። እንዲህ ብለህ የጠየቅህ እንደሆነ እስከ ሆቴሉ በር ድረስ ያወሩልሃል።